ያውቁ ኖሯል? ዌልሳዊውን የአገር ጥበቃ ፈቃደኛ የሚለየው ከስሙ ይልቅ የልደት ቀኑ ነው

እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 1940 የብሪታኒያው የጦር ሚኒስትር አንቶኒ ኤደን በራዲዮ ባሰሙት ጥሪ፣ ከ17 እስከ 65 ዓመት የሆናቸው ወንዶች በኋላ «ሆም ጋርድ» ወደተባለው ጦር ጎረፉ። የአንዱን ዌልሳዊ ዘማች የዘር ሐረግ ለመከታተል በስሙ መጀመር ግን ብዙ ያደክማል። በአንዳንድ የዌልስ ገጠሮች እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ድረስ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራ ነበር፤ ያ ሲቀር ጆንስ፣ ዴቪስ፣ ዊሊያምስና ኢቫንስ አገሩን ሞሉት። በአንድ መንደር ብዙ ዊሊያም ጆንስ ቢገኝ አያስገርምም።

መፍትሔው በሴፕቴምበር 29 ቀን 1939 የተካሄደው የሕዝብ ምዝገባ ነው። የ1931 የሕዝብ ቆጠራ ሰነድ በእሳት ወድሟል፣ በ1941 ደግሞ ቆጠራ አልተደረገም፤ ስለዚህ ይህ መዝገብ ምትክ የለውም። አድራሻን፣ ሥራንና ሙሉ የልደት ቀንን ይዟል። በኋላ ያገባች ሴት የቀድሞ ስሟ ብዙ ጊዜ ተሰርዞ የባሏ ስም ከላይ በእጅ ስለተጻፈ፣ የዘማቹን ሴት ልጆችም መከተል ይቻላል።

«ዕድሜውን አሳስቶ ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ዕድሜያቸውን የደበቁ ፈቃደኞች ነበሩና። ዳሩ ግን ከ1837 ጀምሮ የተያዘው የመንግሥት የልደት መዝገብ የልደት ቀኑን ከእናት የአባት ቤት ስም ጋር ስለሚይዝ ስህተቱን ያጋልጣል። የልደት የምስክር ወረቀቱን ሳያዩ ማንንም ጆንስ አያትዎ ነው ብለው አይመዝግቡ።