ከ«ሾተላይ» ባሻገር፦ ሞተው ስለሚወለዱ ሕፃናት ምርምር ለምን ያስፈልጋል?

እኔ በምኖርበት በጅማ አወቱ መንደራ አንዲት እናት ደጋግማ የሞተ ልጅ ከወለደች «ሾተላይ አለባት» ይባላል። አባባሉ በሐዘኗ ላይ ጥፋተኝነትን ይጨምርባታል፤ «ጽንሱ ለምን ሞተ?» የሚለውንም ጥያቄ ይዘጋል።

የዓለም የጤና ድርጅት ለአገሮች ንጽጽር የሚቆጥረው ከ28ኛው የእርግዝና ሳምንት ወዲህ ሞተው የሚወለዱትን ነው። በተባበሩት መንግሥታት ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 1.9 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ሞተው ተወልደዋል። ከ10ሩ ከ4 የሚበልጡት የሞቱት በምጥ ላይ ሳሉ ነው።

መንስኤው ብዙ ነው። የእናትና የጽንስ የደም ዓይነት (አርኤች) አለመጣጣም አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ልጅ ሳይነካ ተከታዮቹን ይጎዳል፤ በወቅቱ በሚሰጥ መርፌ ግን መከላከል ይቻላል። ቂጥኝ በደም ምርመራ ተለይቶ በፔኒሲሊን ይታከማል። የደም ግፊት የቅርብ ክትትል፣ የተራዘመ ምጥ ደግሞ ፈጣን ቀዶ ሕክምና ይሻል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከታወቀ ምርምሩ ለምን? አንደኛ፣ የትኛው መንስኤ የት እንደሚበዛ ሳይታወቅ ባለሙያና ገንዘብ በአግባቡ መመደብ አይቻልም። በሐረርና በምሥራቅ ሐረርጌ ቀርሳ፣ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የተሳተፈበት ቻምፕስ የተሰኘ ጥናት በቤተሰብ ፈቃድ፣ አስከሬን ሳይከፈት፣ በመርፌ ናሙና እየወሰደ የሞትን መንስኤ ሲያጣራ ቆይቷል።

ሁለተኛ፣ በጎ የሚመስል ሐሳብ ሁሉ የታሰበውን ያህል ውጤት አያመጣም። በጅማ ዞን በጎማ፣ በሰቃ ጨቆርሳና በቀርሳ ወረዳዎች የእናቶች ማቆያ ቤቶችን ማሻሻልና የአካባቢ መሪዎችን ማሠልጠን በጤና ተቋም የሚወልዱትን ይጨምር እንደሆነ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ውጤት እንዳሳየው የተገኘው ጭማሪ ከአጋጣሚ የሚለይ አልነበረም። እንዲህ ያለው ውጤት ፕሮጀክቱን ለመንቀፍ ሳይሆን ቀጣዩን ጥያቄ ለመጠየቅ ይረዳል፦ መንገዱ ነው? ትራንስፖርቱ? የቡና ለቀማው ወቅት? ወይስ በተቋሙ ያለው አገልግሎት?

በእኔ እምነት ሥራው ከቀላል መዝገብ ሊጀመር ይችላል። እናቲቱ ስትደርስ የጽንሱ ልብ ይመታ ነበር? ይመታ ከነበረ መፍትሔው በዋናነት የሚፈለገው በማዋለጃ ክፍሉ ነው። አስቀድሞ ቆሞ ከነበረ ደግሞ በእርግዝና ክትትሉና በመንገዱ ላይ ነው። ይህ አንድ መስመር በትክክል ሲሞላ «ሾተላይ» የሚለው ቃል ለብዙ እናቶች የመጨረሻ መልስ መሆኑ ይቀራል።