ንዳድ የምታመጣው ቢምቢ በየትኛው ስፍራ እንደምትኖር

በብዙ አውራጃ ገበሬው እርሻውን በቆላ፥ ቤቱን ግን በደጋ አፋፍ ማድረጉ ያለ ምክንያት አልነበረም። ክረምት ሲወጣ በቆላ ያደረ ሰው በንዳድ እንደሚያዝ ያውቅ ነበርና። ዳሩ ግን በሽታው በምን እንደሚተላለፍ የታወቀው በ1889 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ዓመት ሮናልድ ሮስ የሚባል የእንግሊዝ ሐኪም በህንድ አገር ሳለ የበሽታውን ተሐዋሲ በቢምቢ ሆድ ውስጥ አገኘ።

ቢምቢ ሁሉ ግን ንዳድ አታመጣም። የምታመጣው አኖፌለስ ከሚባለው ወገን ሴቲቱ ብቻ ናት። ከዚህም ወገን በአገራችን ከሁሉ ይልቅ የምትጎዳው አራቢየንሲስ የምትባለው ናት። ይህች ጥልቅ ውሃ አትሻም፤ ዝናም ካባራ በኋላ ፀሐይ በሚያገኘው ትንሽ ኩሬ፥ ጭቃ በተማሰበት ጉድጓድ፥ የከብት ኮቴ በረገጠው ስፍራ እንኳ ትፈለፈላለች። ፉኔስቱስ ግን የማይደርቅና ሣር የበቀለበትን ረግረግ ትወዳለች። ፋሮኤንሲስ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርቻ፥ ኒሊም በምዕራብ ቆላ፥ ይልቁንም በጋምቤላ በወንዝ ዳር ትገኛለች።

ደጋው ከንዳድ የዳነው ቢምቢ ፈጽሞ ስለማትደርስበት አይደለም። ተሐዋሲው በቢምቢቱ ሆድ ውስጥ ለማደግ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ አየሩ ከ16 ዲግሪ በታች ሲበርድ እድገቱ እጅግ ይዘገያል ወይም ይቆማል፥ ቢምቢቱም በሽታውን ሳታስተላልፍ ትሞታለች። ስለዚህ ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ያህል ከፍታ እንደ ወሰን ሲቈጠር ኖሯል። ነገር ግን ይህ ወሰን እንደ ድንጋይ አጥር የጸና አይደለም። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 ዓ.ም. ዝናሙና ሙቀቱ ከልማድ ባለፈ ጊዜ ንዳዱ ወደ ወይና ደጋው ወጣ፤ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። የወይና ደጋው ሰው በሽታውን ስላልለመደው ሰውነቱ ሊቋቋመው አልቻለም።

በቅርቡ ደግሞ ከእስያ አንዲት እንግዳ ገብታለች፤ ስሟም ስቴፈንሲ ነው። አስቀድማ በጅቡቲ ታየች፥ በ2009 ዓ.ም. በቀብሪ ደሐር ተገኘች፤ በ2014 ዓ.ም. በድሬ ዳዋ የተነሣውም ወባ ከእርሷ የመጣ እንደ ሆነ ተመርምሮ ታውቋል። ይህች ረግረግ ሳትፈልግ በበርሜልና ክዳን በሌለው የውሃ ገንዳ ስለምትፈለፈል፥ በከተማ መካከል በበጋም ትኖራለች። እንግዲህ ኩሬውን ያፋሰሰ መንደር በርሜሉንም መክደን ይገባዋል።

መምህሩ ይህን በቃል ብቻ ከሚያስተምር ተማሪዎቹን ወደ ውሃው ወስዶ ቢያሳያቸው ይሻላል። የአኖፌለስ ትል በውሃው ፊት ላይ ተጋድሞ ይንሳፈፋል፤ የሌላዪቱ ቢምቢ ትል ግን ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል።