ከድስቱ የሚያመልጠው፣ ከእንስራው የሚወጣው

የካቲት አጋማሽ ላይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ሆሳዕና ውስጥ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት ገብቶ መቀመጥ ይከብዳል። ክዳኑ ከላይ ይንጣጣል፤ ሙቀቱ አናት ላይ ይጫናል። ከተማዋ እንደ አፋር ወይም እንደ ጋምቤላ የሐሩር አገር ሆና አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ደጋማ ከተማ ናት፤ በበጋም ቢሆን ጥላ ሥር ከቆሙ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው። ወደ ግቤ ሸለቆ ወይም ወደ ብላቴ ቆላ ሲወርዱ ግን ሙቀቱ የምር ይሆናል። በሆሳዕናም በዱራሜም፣ በሾኔም በሺንሺቾም ቤት ውስጥ የሚያስቸግረን ሁለት ነገር ነው፤ ቆርቆሮውና ምድጃው። ቆርቆሮውን ፀሐይ ያግለዋል። ምድጃውን የምናግለው እኛው ነን፤ ለዚያውም ዋጋው በየጊዜው በሚንር ከሰል።

ስለ ቆርቆሮው አንድ ነገር ብቻ ልበልና ልለፍ። የጋለ ብረት ሙቀቱን ወደ እኛ የሚልከው በአብዛኛው በጨረር ነው፤ ጨረርን ደግሞ መንገዱ ላይ የተጋረደ ነገር ሁሉ ይይዘዋል። ስለዚህ የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ የተወጠረ ተራ ኮርኒስ እንኳ ያለ ኮርኒስ ከመቀመጥ በእጅጉ ይሻላል። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው ትኩስ አየር በጎን በኩል መውጫ ካገኘ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። የድሮው ሳር ቤት ቀን የማይግለው በሳሩ መካከል የታፈነው አየር ሙቀት ስለማያሳልፍ ነው።

አሁን ወደ ምድጃው። ወጥ ቤት ውስጥ ሙቀትና ገንዘብ አብረው የሚወጡበት ትልቁ በር እንፋሎት ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ ሆሳዕና ላይ እስኪፈላ 300 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ያው ውሃ ከፈላ በኋላ ተን ሆኖ እስኪያልቅ የሚወስደው ግን 2,270 ኪሎ ጁል ገደማ ነው፤ ከሰባት እጥፍ በላይ። ክዳኑን ከፍተን ስናንተከትከው ያለቀችው አንዲት ኩባያ ውሃ ሰባት ኩባያ ውሃ የሚያፈላ እሳት ይዛ ሄዳለች ማለት ነው። በከሰል እንመንዝረው። አንድ ኪሎ ከሰል ሲነድ 29,000 ኪሎ ጁል ገደማ ይሰጣል፤ በተራ የቆርቆሮ ምድጃ ላይ ድስቱ ጋ የሚደርሰው ሩቡ ያህል ነው። ስለዚህ አንድ ሊትር ውሃ በተን መልክ እንዲያልቅ ለማድረግ 300 ግራም ገደማ ከሰል ይቃጠላል። ያ ሙቀትም የትም አልጠፋም። ቤቱ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ፣ በአብሳይዋ ፊት ላይ ነው ያለው።

ብዙ ሰው ድስቱ በኃይል ሲንተከተክ ቶሎ የሚበስል ይመስለዋል። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ ግን እሳቱን ቢያጠናክሩበት ትኩሳቱ አንዲት ዲግሪም አይጨምርም፤ የተጨመረው እሳት ሁሉ ውሃውን ወደ ተን ለመለወጥ ብቻ ይውላል። ዳር ዳሩን ፈላ ፈላ የሚል ድስትና ክዳኑን የሚያስነሣ ድስት በውስጣቸው ያለው ሙቀት እኩል ነው። ከፈላ በኋላ ከሰሉን ግማሹን አውጥቶ አመድ ማልበስ፣ ክዳኑን አጥብቆ መግጠም፣ ይህ ብቻ በወር ውስጥ የሚያተርፈው ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ የከፍታ ነገር ይመጣል። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃው ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል፤ ስለዚህ በሆሳዕና ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ሰባት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን እህል መብሰል ኬሚካዊ ለውጥ ነው፤ ሙቀቱ በጥቂቱ ሲወርድ ፍጥነቱ በብዙ ይወርዳል። ቦሎቄው ወይም ባቄላው ቆላ ከሚበስልበት ጊዜ ግማሽ ያህል ተጨማሪ ሊፈጅ ይችላል። ፕሬዠር ኩከር የሚባለው ድስት ለደጋ ሰው ከቅንጦት ዕቃ ይልቅ የማገዶ ቆጣቢ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከ100 በላይ ያወጣዋል።

የደጋው ሰው ግን ከዚህ ድስት በፊት ሌላ መላ ነበረው፤ መቁላት። ደረቅ ምጣድ ላይ ውሃ ስለሌለ የ93 ዲግሪ ገደብ የለም፤ እህሉ ከ150 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ገብሱ በደቂቃዎች ይበስላል፤ ጠረኑም ቀለሙም የሚመጣው ከዚያ ነው። ተፈጭቶ በሶ ከሆነ በኋላ ደግሞ እሳት ጨርሶ አይፈልግም። በአንድ ረፋድ ተቆልቶ የተዘጋጀ በሶ ለሳምንታት ቁርስ ይሆናል፤ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በጨው ወይም በማር መበጥበጥ ብቻ ነው። ገብስ በደንብ በሚበቅልበት እንደ ዶዮገና ባለ ደጋ ይህ ማንም የሚያውቀው ነው፤ ነገር ግን ከተማ ውስጥ በሶን የመንገደኛ ስንቅ ብቻ አድርገን እየረሳነው ነውና ይቆጨኛል። ለበጋ ቁርስ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ቦሎቄና ባቄላ ለሚወድ ሌላ መንገድ አለ። ማታ ይዘፈዝፉታል፤ ጠዋት የተዘፈዘፈበትን ውሃ ደፍተው በአዲስ ውሃ ያፈላሉ። ግማሽ ሰዓት በደንብ ከፈላ በኋላ ክዳኑን ሳይከፍቱ ከእሳት አውርደው ጭድ በተሞላ ቅርጫት ውስጥ ያስቀምጡና በጋቢ ይጠቀልሉታል። ጋቢ ሙቀት አይሰጥም፤ የገባው እንዳይወጣ ይይዛል እንጂ። ሦስትና አራት ሰዓት ቆይቶ ሲከፈት እህሉ ለስልሷል፤ ቤቱ አልሞቀም፤ ከሰሉም ብዙ አልነደደም። ሁለት ነገር ግን ልብ ይባል። ድስቱ ሙሉ ይሁን፤ ጎዶሎ ድስት ቶሎ ይበርዳል። ቀይ ቦሎቄ ከሆነ ደግሞ የግማሽ ሰዓቱ ፍላት አይቀነስ፤ ሆድ የሚያውክ መርዝ አለው፤ የሚጠፋውም በኃይለኛ ፍላት እንጂ በለብታ አይደለም። ሲወጣ ለብ ብሎ ከተገኘም ሳይበላ እንደገና ይፍላ።

በከሰል የሚያበስል ሰው በበጋ ምድጃውን ወደ በረንዳ ቢያወጣ እመርጣለሁ። ለሙቀቱ ብቻ ብዬ አይደለም። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገድላል።

እስከ አሁን ያልኩት ተን እንዳያመልጥ ነው። አሁን ደግሞ ተን እንዲወጣ የሚፈለግበት ዕቃ አለ፤ እንስራው።

ልጅ ሳለሁ ዱራሜ አክስቴ ጋ በበጋ ስሰነብት፣ መስኮት ሥር የቆመው የውሃ እንስራ ሁልጊዜ ውጭው ረጥቦ አየዋለሁ። ውሃው የሚባክን መስሎኝ አንድ ቀን በላስቲክ ጠቀለልኩት። ማታ ውሃው ለብ ብሎ ተገኘ። አክስቴ ላስቲኩን ፈትታ «እንስራው ይተንፍስ እንጂ ልጄ፣ ካልተነፈሰ በምን ይቀዘቅዛል?» አለችኝ። ፊዚክስ ስማር ያገኘሁት መልስ ከእሷ ቃል ብዙም አልተለየም። ያልተለበጠ ሸክላ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። ውሃው በእነሱ እየሰረገ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ደረቁ የበጋ አየር ያተነዋል፤ እያንዳንዷ ጠብታ ስትተን ሙቀት ይዛ ትሄዳለች። ያን ሙቀት የምትወስደው ከምድጃ ሳይሆን ከእንስራው ከራሱ ነው። 20 ሊትር ከያዘ እንስራ ግማሽ ሊትር ቢተን፣ ከውጭ ምንም ሙቀት ባይገባ ኖሮ የቀረው ውሃ በ15 ዲግሪ ገደማ ይበርድ ነበር። ከውጭ መግባቱ ስለማይቀር በተግባር ያን ያህል አይወርድም። አየሩ 26 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 35 በመቶ ቢሆን፣ በትነት ሊደረስበት የሚችለው ወለል 16 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደህና እንስራ ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ ሆኖ ወደዚያ ይጠጋል።

እጅግ የሚያስደንቀኝ የሸክላ ሠሪ ሴቶች እውቀት ነው። ምጣዱም እንስራውም ከአንድ ዓይነት ጭቃ፣ ከአንድ እሳት ይወጣሉ። ምጣዱ ግን በጎመን ዘር ይሟሻል፤ ቅባቱ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ሊጡም አይይዝም። የውሃው እንስራ ክፍት ይተዋል። በአንዱ ውስጥ ውሃ መግባት የለበትም፤ ከሌላው መውጣት አለበት። ልዩነቱን የምታመጣው አንዲት እፍኝ የጎመን ዘር ናት።

በሰሜን ናይጄሪያ ሞሐመድ ባህ አባ የሚባል መምህር፣ ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ የተወለደ፣ ይህንኑ አንድ እርምጃ ወደፊት ወሰደው። በ1995 እ.ኤ.አ. ትንሹን ገንቦ ትልቁ ውስጥ አስገብቶ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ ሞላ፤ ሦስት ቀን ይቆይ የነበረው ደበርጃን 27 ቀን እንደቆየለት ተዘግቧል። ለቲማቲም፣ ለቃሪያ፣ ለጎመን፣ ለካሮት ሆሳዕና ውስጥ ማንም በጓሮው ሊሠራው ይችላል፤ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ማርጠብ ብቻ ነው። ሥጋና ወተት ግን አይታመኑበት፤ የማቀዝቀዣን ያህል አይቀዘቅዝም። የቀዘቀዘ ውሃም የጠራ ውሃ ማለት አይደለም፤ የሚገባው ውሃ የታከመ፣ አፉ የተከደነ፣ መጭለፊያውም እጀታ ያለው ይሁን።

ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት ግን የሀዲያና የከምባታ ትልቁ ጓዳ መሬት ውስጥ ነው ያለው። በሀዲይሳም በከምባትኛም «ዋሳ» የሚሉትን ቆጮ ማለቴ ነው። እንሰቱ ተፍቆ፣ ቡላው ተጨምቆ ከወጣ በኋላ የቀረው በኮባ በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ ከላይ ድንጋይ ይጫነዋል። መጠቅጠቁ አየር ያስወጣል፤ አየር ሲጠፋ የሚያበሰብሱት ፍጥረታት ይታፈናሉ። ያለ አየር መኖር የሚችሉት ሥራ ይጀምራሉ፤ መጀመሪያ ሊኮኖስቶክ፣ ቀጥሎ ላክቶባሲለስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል። የሊጡ ፒ ኤች ከ6.5 አካባቢ ተነሥቶ ወደ 4 ይጠጋል፤ እዚያ ደረጃ ላይ አብዛኞቹ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች መራባት አይችሉም። ጉድጓዱም ራሱ ረዳት ነው። ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ታች ሲወርዱ የቀንና የሌሊት የሙቀት ልዩነት ጨርሶ ይጠፋል፤ ላይ ቆርቆሮው ሲንጣጣ ቆጮው አያውቀውም። እንዲህ ሆኖ ወራት፣ በደንብ ከተጠበቀ ዓመታት ይቆያል። በኢትዮጵያ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው የሚኖርበት እንሰት ድርቅን የሚችለው በግንዱ በሚይዘው ውሃ ነው፤ በድርቅ ጊዜ ሰውን የሚያኖረው ደግሞ ይህ ጉድጓድ ነው።

አበሳሰሉንም እዩት። የተከተፈው ቆጮ በኮባ ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ይጣላል። ኮባው ከታች እንዳያርር ያደርጋል፤ ከላይ እንፋሎቱን ይይዛል፤ ማጠቢያም አይጠይቅም። የእንሰቱ ሥር የሆነው አሚቾም ሲቀቀል ድስቱ ውስጥ ጥቂት ውሃ፣ በላዩ ላይ ኮባ ነው። ያ ቅጠል ማገዶ ቆጣቢ ክዳን ነው፤ ከጓሮ ይቆረጣል፤ ሲያልቅ ለከብት ይሰጣል።

ቆጮ ጉድለት አለው፤ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ ጎመንና አይብ፣ ወይም ያ በጋቢ የተጠቀለለ ቦሎቄ ከጎኑ ሊጠፋ አይገባም። ጎመን በራሱ ውሃ፣ በተከደነ ድስት ይበስላል። አይብም ብዙ እሳት አይጠይቅም፤ የተናጠው እርጎ ስለኮመጠጠ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ለብ ሲል ይረጋል። ነገር ግን አራት አምስተኛ ያህሉ ውሃ ነውና በበጋ በዕለቱ፣ ቢበዛ በማግስቱ ይበላ። ቅቤው ሲነጠር ደግሞ ውሃው ተንኖ ያልቃል፤ ውሃ የሌለበት ቦታ ባክቴሪያ አይራባም፤ ለዚህ ነው ንጥር ቅቤ ያለ ማቀዝቀዣ ዓመት የሚከርመው። አታካና ለሚባለው ምግብ የሚሆነውን ማለፊያ ቡላና ቅቤ ብዙው ቤት ለያሆዴ በዓል ያስቀምጣል፤ በበጋ ቀን ቆሞ የሚማሰል ምግብ አይደለም።

በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ፣ ከተማዋ ስሟን ያገኘችበት በዓል በሚደርስበት ሰሞን፣ የበልጉ ዝናብ ይጠናከራል። አየሩ እርጥበት ሲጠግብ ከእንስራው የሚወጣው ውሃ የሚሄድበት ያጣል። 20 ዲግሪ ባለው እርጥብ ቀን እንስራው የሚያቀዘቅዘው ሁለት ዲግሪ ቢሆን ነው። አክስቴ ያን ጊዜ እንስራውን ከመስኮቱ ሥር አንሥታ ወደ ጓዳ ትመልሰው ነበር።