ኢነርጂው ተሰጥቷል፤ የሞገድ ርዝመቱስ?

ሞደርን ፊዚክስ የምትወስዱ እህት ወንድሞች፣ በመግሪብና በዒሻ መካከል ባለው ቱቶሪያላችን ደጋግመን ያየነው አንድ ስህተት አለ። ጥያቄው «ኪነቲክ ኢነርጂው 54 ኤሌክትሮን ቮልት የሆነ ኤሌክትሮን የሞገድ ርዝመቱ ስንት ነው?» ይላል። ብዙዎቻችን 1240ን ለ54 አካፍለን 23 ናኖሜትር ብለን እንጽፋለን። ማካፈሉ ትክክል ነው፤ የተገኘው መልስ ግን የፎቶን እንጂ የኤሌክትሮን አይደለም።

ደ ብሮግሊ እ.ኤ.አ. በ1924 በዶክትሬት ጽሑፉ ያቀረበው ሐሳብ አጭር ነው፦ የፕላንክን ቋሚ ለሞመንተም ብናካፍል የሞገድ ርዝመቱን እናገኛለን። ይህ ለፎቶንም ለኤሌክትሮንም ይሠራል። ልዩነቱ ሞመንተሙን ከኢነርጂው የምናገኝበት መንገድ ላይ ነው። ፎቶን ማስ ስለሌለው ኢነርጂውን ለብርሃን ፍጥነት ማካፈል ይበቃል፤ 1240 የምትባለዋ ቁጥርም የመጣችው ከዚህ ነው። ኤሌክትሮን ግን ማስ አለው። ስለዚህ ማሱን በኪነቲክ ኢነርጂው፣ ውጤቱን ደግሞ በ2 እናባዛና ስኩዌር ሩቱን እንወስዳለን።

እንሥራው። 54 ኤሌክትሮን ቮልት 8.65 × 10⁻¹⁸ ጁል ነው (ወደ ጁል ሳይቀይሩ መቀጠልም ብዙ ነጥብ አስጥሏል)። የኤሌክትሮን ማስ 9.11 × 10⁻³¹ ኪሎግራም ስለሆነ ሞመንተሙ 3.97 × 10⁻²⁴ ኪሎግራም ሜትር በሰከንድ ይሆናል። 6.63 × 10⁻³⁴ን ለዚህ ስናካፍል 1.67 × 10⁻¹⁰ ሜትር፣ ማለትም 0.167 ናኖሜትር እናገኛለን። ከ23 ጋር አስተያዩት!

54ን የመረጥነው በአጋጣሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1927 ዴቪሰንና ገርመር በዚሁ ኢነርጂ ኤሌክትሮኖችን ኒኬል ክሪስታል ላይ ሲለቁ በ50 ዲግሪ አቅጣጫ በርከት ብለው ሲበተኑ አዩ። በክሪስታሉ ገጽ ላይ በአተሞች ረድፎች መካከል ያለው ርቀት 0.215 ናኖሜትር ነው፤ በ50 ዲግሪ ሳይን ሲባዛ 0.165 ይሰጣል። ከስሌታችን ጋር ለጥቂት ነው የተለያየው። የሞገድ ርዝመቱ 23 ናኖሜትር ቢሆን ኖሮ እንዲህ በጠበበ ረድፍ ያ ውጤት ሊታይ አይችልም ነበር።

አንድ ጥንቃቄ፦ ይህ መንገድ የሚያስተማምነው ኪነቲክ ኢነርጂው ከ511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ማለትም ከኤሌክትሮኑ የዕረፍት ኢነርጂ፣ በጣም ሲያንስ ነው። 100 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ 5 በመቶ ገደማ ያስታል፤ እዚያ የአንስታይንን የሪላቲቪቲ ቀመር መጠቀም ግድ ይላል።

ለልምምድ፦ ፕሮቶን ከኤሌክትሮን 1836 ጊዜ ያህል ይከብዳል። በዚሁ 54 ኤሌክትሮን ቮልት የሚጓዝ ፕሮቶን የሞገድ ርዝመቱ ስንት ነው? ሁሉንም እንደገና ማስላት አያስፈልግም፤ 0.167ን ለአንድ ቁጥር ብቻ ማካፈል ይበቃል። ያንን ቁጥር ይዛችሁ ኑ፣ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ቱቶሪያል እናየዋለን።