የልጆቻችን ሥራ ፈጠራና የወላጅ ቤዝመንት

እዚህ ቶሮንቶ፣ በሠርጉም በለቅሶውም፣ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጉዳይ አለ። «ልጄ ኮምፒውተር ተምሮ ድረ ገጽ መሥራት ቻለ። ባንክ ይቀጠራል ብለን ስንጠብቅ በኢንተርኔት የራሴን ሥራ ልጀምር አለን፤ ምን ይሻላል?» የሚል ነው። መልስ ከመስጠት በፊት እንዲህ ያለው ሥራ እንዴት እንደሚወለድ መረዳት ያስፈልጋል። በእኔ እምነት ለነዚህ ወጣቶች በቅድሚያ የሚጎድላቸው እውቀት ወይም የባለሀብት ገንዘብ ሳይሆን፣ በትንሽ ወጪ እየኖሩ የሚሠሩበት ጊዜ ነው።

ለአስረጂነት ሩቅ አንሄድም። እ.ኤ.አ. በ2003 ማይክ ማክደርመንት የተባለ የቶሮንቶ ሰው ለደንበኞች ድረ ገጽ የሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ነበረው። ለደንበኞቹ የሚልከውን ኢንቮይስ የሚያዘጋጀው በወርድ ነበር። አንድ ቀን አዲሱን ኢንቮይስ በአሮጌው ላይ ሴቭ አደረገውና የቀድሞው ጠፋበት። ተናደደና ኢንቮይስ የሚያዘጋጅና የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ራሱ መጻፍ ጀመረ። ዛሬ ፍሬሽቡክስ በመባል የሚታወቀው ድርጅት አጀማመሩ ይኸው ነው። ጆ ሳዋዳና ሊቫይ ኩፐርማንም አብረውት ሠሩ። ድርጅቱ ለሦስት ዓመት ተኩል ያህል የኖረው በማክደርመንት ወላጆች ቤዝመንት ውስጥ ነበር።

ከሁለት ዓመት ልፋት በኋላ የነበሯቸው ከፋይ ደንበኞች 10 ብቻ ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ የሚከፍለው በወር 10 ዶላር ገደማ ነበር። ይህ ለሦስት ሰው ቀርቶ ለአንድ ሰው ቀለብ አይበቃም። ከውጭ ባለሀብቶች የመጀመሪያውን 30 ሚሊዮን ዶላር የተቀበሉት በ2014፣ ማለትም ከ11 ዓመት በኋላ ነው። በ2021 የድርጅቱ ዋጋ ከ1 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ተገመተ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይህ ነው።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ሥራው የተወለደው ከጠባብ ችግር ነው። ማክደርመንት ችግሩን በራሱ ያየው ነው፤ እንደሱ የሚቸገሩ ሰዎችም ለመፍትሔው ለመክፈል ዝግጁ ነበሩ። ብዙ ጊዜ የእኛ ልጆች የሚያቀርቡት ሐሳብ «ሁሉንም ኢትዮጵያዊ የሚያገናኝ» የሚል ነው። ሐሳቡ ያምራል፤ ነገር ግን ማን፣ ለምን፣ ስንት ይከፍላል ሲባል መልስ የለውም።

ሁለተኛ፣ የገቢው ስሌት ዘገምተኛ ነው። ደንበኛ በየወሩ 20 ዶላር ቢከፍል፣ 300 ደንበኛ 6,000 ዶላር ያመጣል። ይህ ለአንድ ሰው ጥሩ መተዳደሪያ ነው፤ ግን 300ው የሚገኘው አንድ በአንድ ነው። ደግነቱ የመጣው ደንበኛ ከረካ በሚቀጥለው ወርም ስለሚከፍል፣ የትናንቱ ድካም በዛሬው ላይ ይደመራል።

ሦስተኛ፣ ይህን ዘገምተኛ ጊዜ የሚያሳልፍ ጣሪያ ያስፈልጋል። ፕሮግራም መጻፊያውና ሰርቨር ማስኬጃው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። የማይገኘው ነፃ ኪራይ ነው።

በአገራችንም ተመሳሳይ አጀማመር እናገኛለን። ሳምራዊት ፍቅሩ አዲስ አበባ ላይ ከሥራ አምሽታ ስትወጣ ታክሲ ማግኘት ያስቸግራት ነበር። በ2014 ሃይብሪድ ዲዛይንስን አቋቋመች፤ ኋላም ራይድ የተባለውን የታክሲ አገልግሎት ለሕዝብ አቀረበች። ኢንተርኔት የሌለው ሰው በ8294 ደውሎ መኪና ማዘዝ መቻሉ ደግሞ፣ አገልግሎቱ የደንበኛውን እውነተኛ ኑሮ ተመልክቶ የተሠራ ለመሆኑ ምስክር ነው።

ወደ ቶሮንቶ ልመለስ። ወላጅ ቤዝመንቱን ለልጁ ይስጥ ማለት ቀላል ነው። ዳሩ ግን ብዙዎቻችን ቤዝመንቱን የምናከራየው የቤቱን የባንክ ዕዳ ለመክፈል ነው። ሌሊት ታክሲ ነድቶ ልጁን ያስተማረ አባት በየወሩ የሚገባውን ኪራይ ቢሳሳለት አይፈረድበትም። «የተሳካለትን አንዱን ብቻ ነገርከን፤ የወደቁትስ?» የሚል አንባቢም ትክክል ነው፤ ከሚጀምሩት ብዙዎቹ ይወድቃሉ።

ስለዚህ መፍትሔው ዝም ብሎ መፍቀድም ሆነ ዝም ብሎ መከልከል ሳይሆን፣ ገደብ ያለው ስምምነት ነው። ቤተሰቡ ለምሳሌ ለሁለት ዓመት መጠለያ ይስጥ። ልጁም ቀለቡን የሚሸፍን የትርፍ ሰዓት ሥራ ይያዝ፤ በስድስት ወር ውስጥ ዘመድ ያልሆኑ፣ በገንዘባቸው የሚከፍሉ ጥቂት ደንበኞች ያምጣ። አንድም ከፋይ ካልመጣ ሐሳቡ ይቀየር። ለመነሻ ወጪም ከባንክ ብድር ይልቅ ዕቁብ ይሻላል፤ ወለድ የለውም፣ ስንቶቹ ምግብ ቤቶቻችንና ሱቆቻችን የተከፈቱት በእሱ ነው። የካናዳ የታክስ ሕግም ለጀማሪ አይከፋም፤ የዓመት ሽያጩ ከ30,000 ዶላር ያልበለጠ አነስተኛ ነጋዴ፣ ከጥቂት የሥራ ዘርፎች በቀር፣ ለሽያጭ ታክስ የመመዝገብ ግዴታ የለበትም።

እኛ ስደተኞች ልጆቻችን የእኛን መከራ እንዳያዩ ስንል አስተማማኝ ደመወዝን ከሁሉ እናስቀድማለን። ይህ ፍቅር ነው። ነገር ግን ሁሉም ልጆቻችን ተቀጣሪ ከሆኑ፣ የነገው ትውልድ የሚቀጠርበት የራሳችን የምንለው ድርጅት አይኖርም። ለሌላው ሰው ልጅ የወላጅ ቤት የሆነለትን ያህል፣ የእኛም ቤት ለሁለት ዓመት ቢሆንለት የምናጣው ኪራይ ነው፤ የምናተርፈው ግን ከኪራይ በላይ ሊሆን ይችላል።

ቸር ይግጠመን።