ስለ ብሩጎላ መፍቻ አያያዝና አቀማመጥ

በቤቱ ጓሮ አነስተኛ የሥራ ክፍል ያለው ሰው፥ ከመሣሪያዎቹ መካከል ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት የትኛው እንደሆነ ቢጠየቅ መዶሻውን ወይም መጋዙን አይጠራም። የሚጠፋው እንደ ከዘራ የተቆለመመው፥ ስድስት ማዕዘን ያለው ትንሽ ብረት፥ ይኸውም በመካኒኮች አነጋገር ብሩጎላ የሚባለው መፍቻ ነው። ብስክሌትም ሆነ ተገጣጥሞ የሚቆም ጠረጴዛና አልጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈታው በእርሱ ስለሆነ፥ አንዱ ቁጥር ሲጎድል ሥራው በሙሉ ይቆማል።

ስሙ የመጣው ከኢጣልያ ነው። ኤጂዲዮ ብሩጎላ የተባለው ባለ ኢንዱስትሪ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም. በሚላኖ አጠገብ በሊሶኔ ከተማ ፋብሪካ አቋቋመ፤ ስሙም ለብሎኑና ለመፍቻው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። አሜሪካኖች አለን፥ ጀርመኖችም ኢንቡስ ይሉታል። ስለዚህ አስመጪው በሦስት ስም የተጻፈ የዕቃ ዝርዝር ቢደርሰው፥ ዕቃው አንድ መሆኑን ያስተውል።

የስሙ መለያየት ጉዳት የለውም፤ ጉዳት የሚያመጣው የልኩ መደባለቅ ነው። የተለመደው የሚሊሜትር ስብስብ ዘጠኝ ፍሬ ሲሆን፥ ልኩም 1.5፥ 2፥ 2.5፥ 3፥ 4፥ 5፥ 6፥ 8 እና 10 ነው። የኢንቹ ስብስብ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ነው። 3/16 ኢንች የሆነው መፍቻ 4.76 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፥ ባለ 5 ሚሊሜትር ብሎን ውስጥ ሲያስገቡት የሚስማማ ይመስላል፤ ኃይል ሲሰጡት ግን ይዞርና የብሎኑን ማዕዘን ይልጠዋል። እንዲህ የተላጠ ብሎን ብዙ ጊዜ በመሰርሰሪያ ካልሆነ አይወጣም። መፍቻው ርካሽ ነው፤ ብሎኑ የገባበት ማሽን ግን ርካሽ አይደለም።

ስለሆነም ሁሉን በአንድ ጣሳ መክተት ሊቀር ይገባል። በደንብ በደረቀ የዋንዛ ጣውላ ላይ በተርታ ቀዳዳ መሰርሰር በቂ ነው። (ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል፤ እርጥብ እንጨትም ብረቱን ያዝጋል።) ብዙዎች የሚሳሳቱት በቀዳዳው ስፋት ነው። በመፍቻው ላይ የተጻፈው ቁጥር ከጠፍጣፋ ጎን እስከ ጠፍጣፋ ጎን ያለው ልክ ሲሆን፥ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሲለካ 15 በመቶ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ባለ 5 ቁጥሩ 6 ሚሊሜትር፥ ባለ 8 ቁጥሩ 9.5፥ ባለ 10 ቁጥሩም 12 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል። ከየቀዳዳው ፊት ቁጥሩ ይጻፍ፤ የኢንቹ ረድፍ በቀይ፥ የሚሊሜትሩ በጥቁር ቀለም ይሁን፤ መፍቻዎቹም በክርናቸው ላይ ያንኑ ቀለም ይቀቡ። ማታ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ባዶ የቀረው ቀዳዳ የጎደለውን ይናገራል።

ጫፉ የተላጠ መፍቻም ወዲያው አይጣልም። በሞላ ጥቂት ሚሊሜትር ቢቆረጥ አዲስ ማዕዘን ያወጣል፤ ነገር ግን ብረቱ ከጋለ ጥንካሬውን ስለሚያጣ፥ በየጊዜው ውሃ ውስጥ እየነከሩ መሥራት ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ የባለ ሱቁም ጉዳይ ነው። ገዢው ባለ 2 ቁጥሩ ጠፍቶበት ሲመጣ ዘጠኙንም እንዲገዛ ማስገደድ፥ ደንበኛውን ወደ ጎረቤት ሱቅ መሸኘት ይሆናል። በነጠላ የሚሸጡት በየቁጥራቸው በተለየ መሳቢያ ይቀመጡ፤ ለክረምቱም በዘይት በራሰ ጨርቅ ይታበሱ። ቁጥር ያልተቀረጸበት መፍቻ ከውጭ ሲመጣም፥ ወደ መሳቢያው ከመግባቱ በፊት በካሊፐር ይለካ።