ከሠመራ እስከ ጅቡቲ በአየር ያለው ርቀትና የጉዞው ጊዜ

የአዋሽ ወንዝ ከደጋ ወርዶ የአፋርን ሜዳ ካጠጣ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ወንዙ ያልደረሰበትን ባሕር ግን ነጋዴው በግመል ሲደርስበት ኖሯል፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡርም ከጅቡቲ ተነሥቶ በአዋሽ ከተማ ላይ ያልፍ ነበር። ዛሬ በሠመራ በሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ስም የተጠራ የአይሮፕላን ማረፊያ አለ፤ የጅቡቲውም ማረፊያ አምቡሊ ይባላል።

በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከካርታ ላይ ይታወቃል። አምቡሊ ከሠመራ ወደ ምሥራቅ በኬንትሮስ ሁለት ዲግሪና የአንድ ዲግሪ ስድስተኛ እጅ ያህል ይርቃል። ምድር ክብ ስለ ሆነች የኬንትሮስ መሥመሮች ከምድር ወገብ በራቁ መጠን እርስ በርሳቸው ይቀራረባሉ፤ በአፋር አገር አንዱ ዲግሪ 109 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ሲባዛ 236 ይሆናል። አምቡሊ ደግሞ ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል ስላለ ርቀቱ በጠቅላላው ወደ 240 ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

ሽማግሌዎች መንገድን በቀን ይቈጥራሉ፤ አቈጣጠራቸውም የሚናቅ አይደለም። ግመል በቀን 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ይህን ርቀት በ8 ቀን ይጨርሰው ነበር፤ ነገር ግን ግመል እንደ ካርታ መሥመር ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ መንገዱን የሚወስነው የውሃው ጕድጓድ ነው። በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር የሚበር አይሮፕላን ግን በ24 ደቂቃ ያልፈዋል። ለመነሣትና ከፍ ለማለት፥ ኋላም ዝቅ ብሎ ለማረፍ የሚወስደው ሲጨመር ጊዜው ወደ 40 ደቂቃ ይጠጋል። በቀትር ሐሩር አየሩ ስለሚሳሳ አይሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል፤ ወይም ጭነቱ ይቀነስለታል።

ይህ ሁሉ ቀጥታ ለሚበር ነው። በአዲስ አበባ በኩል የሚዞር መንገደኛ መጀመሪያ ወደ 390፥ ቀጥሎም ወደ 560 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ ድምሩ 950 ሲሆን የቀጥታው አራት እጅ ነው። በመካከልም ሌላውን አይሮፕላን መጠበቅና ፓስፖርት ማስመርመር አለ፤ አንዳንድ ጊዜም ከበረራው የሚበልጠው ይኸው መጠበቁ ነው።

ስለ ሰዓት መምህራን አጥብቀው ሊያስረዱ የሚገባ ነገር አለ። ኢትዮጵያና ጅቡቲ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ስለ ሆኑ፥ ፀሐይ በጅቡቲ 9 ደቂቃ ያህል ቀድማ ብትወጣም፥ መንገደኛው ወሰን ሲሻገር ሰዓቱን አያስተካክልም። ልዩነቱ በአቈጣጠሩ ነው። በአገራችን ሰዓት የሚቈጠረው ከንጋት ጀምሮ ሲሆን በአይሮፕላን ቲኬት ላይ የሚጻፈው ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። ስለዚህ በቲኬቱ ላይ 9 ሰዓት የተጻፈ እንደ ሆነ በእኛ አነጋገር ከጧቱ 3 ሰዓት ነው፤ 15 የተጻፈውም ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ነው። በሽተኛውን ለማሳከም ግመሉን ሸጦ ቲኬት የገዛ ሰው የጧቱን 9 የከሰዓት በኋላ 9 መስሎት ቢመጣ፥ አይሮፕላኑ ከሄደ 6 ሰዓት አልፎታል።